«ሞራው ይብሰል» ተብላ የምትጠብቅ እናት

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ዓይኗ ጭጋግ ለብሶባት ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ሐኪም ሞራ ነው ብሏታል፣ ጎረቤቶች ደግሞ ገና ነው ሳይበስል አይነካም ይሏታል፣ ስኳርም አለባት። እኔ ያለሁት ሪያድ ነው፣ ኦንላይን ሞራ ያሟሟል የሚባል ጠብታ አየሁ፣ ልላክላት ወይስ ኦፕሬሽን ይሻላል? (ዓይን ሊቀደድ ነው ሲባል እኔው ፈራሁ)

መልስ፦ እህቴ ሪያልሽን አታባክኚ። ሞራ የሚያጠራ ጠብታ እስካሁን የለም፣ መፍትሄው ኦፕሬሽን ነው። እንደውም ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲጨመር ራሱ ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል።

ይብሰል የሚለው ነገር ከሜዳ አልመጣም። ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈው ሌንስ ሲደፈርስ ነው፣ ድሮ ይህ ሌንስ ከነሽፋኑ ነበር የሚወጣው፣ የሚተካም ነገር ስለሌለ ሰውየው ወፍራም መነፅር አድርጎ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ትንሽም ቢሆን እስካየ ድረስ ይቆይ ይባል ነበር። አሁን ግን ሽፋኑ እዛው ይቀርና የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባል፣ ስለዚህ መታየት ያለበት ዕይታዋ ኑሮዋን አስቸግሯታል ወይ የሚለው ነው፣ ያንቺ እናት ደግሞ ሰው መለየት አቅቷታል እኮ! ብዙ ከቆየ ሌንሱ ይጠጥራል፣ አንዳንዴም አብጦ ግፊት ያስነሳና ነርቩን ይጎዳል፣ ነርቭ ከሞተ ደግሞ አይመለስም። በ1998 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አገራችን ውስጥ ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በሞራ ነበር፣ ያውም በሚታከም ነገር።

ስለ ፍርሃቱ፣ የሚደነዝዘው ብዙ ጊዜ ዓይኗ ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል፣ የዛኑ ቀን ቤቷ ትገባለች። አሰራሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ፋኮ የሚባለው በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ) ሌንሱን ሰባብሮ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በምትሆን ቀዳዳ ይመጠዋል፣ ሌላኛው ያለ ማሽን በእጅ የሚሰራው ነው፣ ቀዳዳው ሰፋ ቢልም ብዙ ጊዜ ስፌት አይፈልግም፣ በዘመቻ በብዛት የሚሰራው እሱ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ለማሽኑ ስም ብለሽ ብዙ አትጨነቂ፣ በደንብ ከተሰራ ውጤታቸው ይቀራረባል፣ እጁ የለመደ ሐኪም ፈልጊ።

ከዛ በፊት ስኳሯ ይስተካከል፣ የዓይኗ የኋላ ክፍልም ይታይ፣ ስኳር እሱን ጎድቶት ከሆነ ሞራው ቢነሳም የጠበቃችሁትን ያህል ላታይ ትችላለች።

ከኦፕሬሽን በኋላ ለሳምንታት የታዘዘላትን ጠብታ ሳታቋርጥ ትጨምር፣ ዓይኗን አትሽ፣ ውሃ አይግባበት። ጸበልም ቢሆን ትጠጣ እንጂ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ፊቷ ላይ አይረጭ። ህመም ከጨመረ፣ ከቀላ ወይ ዕይታው ከወረደ ነገ ሳይባል በዛው ቀን ሐኪም ጋ!

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ሞራ ተነስቶልኝ ደህና ሳይ ነበር፣ አሁን እንደገና ደበዘዘብኝ፣ ተመልሶ በቀለ እንዴ? (ጡረተኛ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የወጣ ሞራ ተመልሶ አይበቅልም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አዲሱን ሌንስ የያዘው ሽፋን ከኋላ መደብዘዙ ነው፣ ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል፣ ቢላ የለውም። ግን የዓይን ግፊትም ከዓይን በስተኋላ ያለው መጋረጃ (ሬቲና) ችግርም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ደግሞ ሌዘሩ ሁሉም ሆስፒታል ስለሌለ አለ ወይ ብለው ደውለው ይሂዱ።