ዶሮ ቤት በውሃ ርጭት ስለማቀዝቀዝ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «አዘዞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያሉት እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼ ከሰዓት አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ጣሪያው ሥር ውሃ የሚረጭ መስመር ላስገባ ወይ?» ላልሽው፣ እኔም የማረባው እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ነው። ቤቴም ቆርቆሮ ነው። አስገቢ። ግን መጀመሪያ ይቺን አንብቢ።

1ኛ. ኖዝሉን (መስመሩ ጫፍ ላይ ውሃውን የሚረጨውን አፍ) ሳታስሞክሪ እንዳትገዢ። ገንዘቤን የበላው እሱ ነው። ጭጋግ የሚያወጣ ብዬ አዝዤ የአትክልት ማጠጫ ሸጡልኝ። የገጠመው ሰውዬም «ያው ውሃ አይደል እንዴ» አለኝ። ኧረ አይደለም! ቤቱን የሚያበርደው የውሃው መትነን ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንኑ 1 ሊትር ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ ግን ከ350 አይበልጥም። ጠብታው ደቃቅ ከሆነ አየር ላይ እንዳለ ይተናል። ወፍራም ከሆነ መሬት ይወርዳል። የኔ ወረደ። ከሥራቸው የተነጠፈው ሳጋቱራ ራሰ፤ ስጨብጠው እንደ ሊጥ እጄ ላይ ይጣበቃል። በሩን ስከፍት አሞኒያው ዓይን ያስለቅሳል። ብዙም ሳይቆይ ኮክሲ (ኮክሲዲዮሲስ የሚሉት የዶሮ አንጀት በሽታ) ገባ፤ ኩሳቸው ደም ሆነ። የሞቱትን በማዳበሪያ ከረጢት አውጥቼ ሱቁ ብሄድ፣ ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ እዚያው ፊትሽ በፓምፕ ያስረጩልሽ። ከኖዝሉ ራቅ አድርገሽ ወረቀት ያዢ። ወረቀቱ ከራሰ ጥለሽው ውጪ። ፓምፕ አያስፈልግም የሚልሽንም አትስሚ፤ በቧንቧ ግፊት ብቻ እንዲህ ያለ ደቃቅ ጭጋግ አይወጣም።

2ኛ. መስኮት። ዶሮ አያልባትም፤ የምትበርደው በማለክለክ ነው፤ ያም ትነት ነው። ቤቱን ዘግተሽ ከረጨሽ አየሩ በእርጥበት ይሞላና ማለክለኳም አይረዳትም። እኔ ሁለቱንም ጎን ከፍቼ በወንፊት ሽቦ ነው የሸፈንኩት። መጋቢትና ሚያዝያ የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ርጭቱ ግሩም ይሠራል። ክረምት ሲገባ ርጭቱን ዝጊው፤ ያኔ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው።

ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያስፈልግሻል፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከፓምፑ በፊት ግን ፊልተር ይግባ። ኖዝሉ ነጭ ነገር ከያዘና ከደፈነ ፈትተሽ አቼቶ ውስጥ አሳድሪው። እኔ እንዲህ ካስተካከልኩት ወዲህ ባለፈው ሚያዝያ በሙቀት አንድም ዶሮ አልሞተብኝም። አሁን ሰው እየመጣ ያያል፤ ደስ እያለኝ አሳያለሁ።

ርጭቱን ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ጥቂት እየረጨሽ፣ ጥቂት እያቆምሽ አድርጊው። ማታ ሳይሰፍሩ ቤቱ መድረቅ አለበት። ኖዝሉን ከመግዛትሽ በፊት ፎቶውን እዚሁ ለጥፊውና አይቼ እነግርሻለሁ።