መልስ፦ ኤምሲቪ 70 ሲሆን የደም ካንሰር ነው ወይ?

ሄሞግሎቢንሽ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 10.1፣ ኤምሲቪ 70 መሆኑ ብቻውን ካንሰር አያስብልም። ኤምሲቪ የአንድ ቀይ የደም ሴል አማካይ ትልቅነት ነው፤ ከ80 ከወረደ ሴሎቹ ከተለመደው ትንንሽ ናቸው ማለት ነው። ነጭ የደም ሴልና ፕሌትሌት ደህና ናቸው ብለሻል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአይረን እጥረት ነው፤ በተለይ የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ።

ሐኪምሽ ፌሪቲን የሚባለውን፣ ሰውነትሽ ያከማቸውን አይረን የሚያሳይ የደም ምርመራ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ከ15 በታች ከመጣ እጥረት ነው፣ አለቀ። ኢንፌክሽን ካለብሽ ግን ፌሪቲን ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላል። ደግሞ አይረኑ ለምን እንደጎደለ ይታይልሽ።

ላቦራቶሪ ስሠራ ውጤታቸው አልሻሻል ያላቸውን ስጠይቅ፣ የአይረን ኪኒኑን ውጠው ወዲያው ቡና የሚጠጡ ብዙ ናቸው። ቡናና ሻይ አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የኪኒኑ ነው።