አምፖሉ ተቀይሮም የማይነበብ ታፔላ

ከአዳማ የደረሰን ጥያቄ ነው፦ «የመድኃኒት ቤቴ ላይት ቦክስ (ከውስጥ የሚበራው የታፔላ ሳጥን) መደቡ አረንጓዴ፣ ጽሑፉ ቀይ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ አይነበብም። አንዱ ሠራተኛ ለፊደሉ ጥቁር ጥላ ጨመረበት፣ ሌላው ኃይለኛ አምፖል ገጠመበት። ማታ ግን ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚበራው።»

አምፖሉን እርሱት። ዳር ዳሩ ብቻ ከበራ ስቲከሩ ብርሃን አያሳልፍም ማለት ነው። ለግድግዳ የሚሆነውን ርካሽ ስቲከር ለጥፈውብዎታል። የቀኑ ችግር ግን ሌላ ነው፤ እሱ የቀለም ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀይና አረንጓዴ በጣም ስለሚለያዩ ጎልተው የሚታዩ ይመስለናል። ዓይን ግን ፊደል የሚለየው በዋናነት በድምቀት ልዩነት ነው፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በስክሪን ስሌት የነጭን ድምቀት 100 ካልን፣ ከዚያ ውስጥ የአረንጓዴው ድርሻ 71 ገደማ፣ የቀዩ 21፣ የሰማያዊው 7 ነው። አረንጓዴው ጠቆር ሲል ወደ 15 ይወርዳል። 15 እና 21 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለዓይን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የድምቀት ንጽጽራቸው 1.3 ለ 1 ብቻ ነው። ለስክሪን ጽሑፍ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለትልልቅ ፊደል እንኳ ቢያንስ 3 ለ 1 ይጠይቃል። በዚያው አረንጓዴ ላይ ነጭ ቢጻፍ ከ5 ለ 1 ያልፋል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶችም አሉ፤ ለእነሱ የእርስዎ ታፔላ ባዶ ሰሌዳ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከማዶ ቆመው በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። ፊደሉ ከጠፋ ነገሩ አለቀ።

ጥቁር ጥላው ደግሞ ሥራውን አበላሽቶታል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። የ«ቤ» ቀለበት በጥላ ሲደፈን ከሩቅ «ቢ» ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል፤ ደንበኛውን ሁለቴ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ከብሬከሩ ያጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን አይመኑ፤ ኒውትራሉን (ተመላሹን ሽቦ) ብቻ የሚቆርጥ ሆኖ ከተገጠመ ሳጥኑ ውስጥ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) እንዳለ ነው። በቴስተር አረጋግጠው ፊቱን ያውርዱ። ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ በዝግታ ይላጡት። የቀረውን ማስቲሽ በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ያስለቅቁ። ቲነር እንዳይነካው፣ አክሪሊኩን (የሳጥኑን የፕላስቲክ ፊት) ይሰነጣጥቀዋል።

ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ስቲከር ያስቆርጡ፣ ፊደሎቹ ከመሐል ተቆርጠው ይውጡ። ነጩ አክሪሊክ ራሱ ፊደል ይሆናል። ቀን ነጭ ሆኖ ይነበባል፣ ማታ ይበራል። «በፕሪንተር እናትምልዎ» ቢሉዎ እምቢ ይበሉ፤ ርካሽ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይነጣል።

በሙያችን ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት እንይዛለን። አስፋልቱ 20 ሜትር ከሆነ 17 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለአማርኛ ግን እኔ 20 ሴንቲ ሜትር አደርገዋለሁ። ስልክ ቁጥሩንና የዕቃውን ዝርዝር ያውጡት፣ ቦታ ይሻማል።

ሳጥኑ ክፍት እያለ ሽቦዎቹንም ይዩ። ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ ካሉ በማገናኛ ይተኩ። ከላይ ያለውን ቀዳዳ በሲሊኮን ይድፈኑ፣ ከታች ያለውን ግን ውኃ እንዲወርድበት ይተዉት። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ብሬከሩ ጠፍቶ ይቆይ፤ ማንም ሳያውቅ እንዳያበራው ለሠራተኞችዎ ይንገሩ።