መልቲሜትር የማያየው ቻርጅ

ጥያቄ፦ የምሠራው የማሸጊያ ፕላስቲክ በሚጠቀለልበት ክፍል ነው። ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አቧራ ይስባል፣ አልፎ አልፎም ይነዝረናል፤ መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ሳስነካው ግን የማነበው ዜሮ ነው። በላዩ የተጠራቀመውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠንና ያለበትን ቦታ በምን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ መልቲሜትርዎ አልተበላሸም። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ላይ ያለ ቻርጅ ካረፈበት ስለማይነቃነቅ፣ የመለኪያው ጫፍ የሚያገኘው የነካውን ነጥብ ብቻ ነው፤ ያም ጥቂት ቻርጅ በመሣሪያው በኩል፣ ቁጥሩ ሳይነበብ፣ ፈስሶ ያልቃል።

የሚያስፈልግዎ ሳይነካ የሚለካ የኤሌክትሪክ ፊልድ (ቻርጅ በዙሪያው የሚያሳድረው ተጽዕኖ) መለኪያ ነው። በአንዱ ዓይነት ውስጥ የሚሽከረከር ብረት ከኋላው ያለውን መዳሰሻ እየከለለና እየገለጠ ሲዞር፣ ከፕላስቲኩ የሚመጣው ፊልድ በመዳሰሻው ላይ የሚመላለስ አነስተኛ ከረንት ይፈጥራል፤ እሱም ወደ ቮልት ተሰልቶ ይነበባል። ስሌቱ የሚሠራው አምራቹ በወሰነው ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ብረት ሮለር ላይ እንዳረፈ ከተለካ፣ በብረቱ ላይ የሚፈጠረው ተቃራኒ ቻርጅ ንባቡን እጅግ ስለሚያሳንሰው፣ በሁለት ሮለሮች መካከል በአየር ላይ ተወጥሮ ሳለ ይለኩት።

እንዲያም ሆኖ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። መሣሪያው የሚያነበው ከፊቱ ያለውን ስፋት አማካይ ስለሆነ፣ አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ ተጎራብተው ካሉ ተጣፍተው ወደ ዜሮ የተጠጋ ንባብ ይሰጣሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ተነካክተው የተለያዩ ፕላስቲኮች ገጽ በናኖ ሜትር ደረጃ ሳይቀር በሁለቱም ዓይነት ቻርጅ የተዥጎረጎረ መሆኑን በረቂቅ ማይክሮስኮፕ አሳይቷል።

ለዓይን የሚታይ ካርታ ለማግኘት ግን ዱቄት ይበቃል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊኽተንበርግ በ1777 እ.ኤ.አ. በሙጫ ገጽ ላይ ዱቄት ሲያርፍ የቻርጁን ምስል እንደሚያወጣ አስተዋለ። በኋላ የተለመደው ድብልቅ ድኝና ቀይ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱ ሲናጡ ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚይዙ ቢጫው ድኝ በአዎንታዊው፣ ቀዩ በአሉታዊው ላይ ይለጠፋል። የእርሳሱ ዱቄት መርዝ ስለሆነ አይሞክሩት፤ ቁራጭ ናሙና ላይ ጥቂት የፎቶኮፒ ቶነር (የቀለም ዱቄት)፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከማሽኑ ርቀው ቢነሰንሱ ይሻላል። ደብዛዛ ጥላ ከታየ ምንጩ ከሮለሮቹ ጋር መነካካቱ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ መስመር ከወጣ ግን በዚያ ቦታ ቻርጁ በብልጭታ ተራግፏልና፣ ፕላስቲኩ ከጥቅሉ የሚላቀቅበትን ቦታ አስቀድመው ይመርምሩ።