የታችኛው ቅርንጫፍ

አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ።

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ እኔና ጓደኞቼ ስለ ዛፍ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ ማውራት ስንጀምር "መጀመሪያ ዐቂዳችሁን (እምነታችሁን) አስተካክሉ" እንባላለን። እውነት ይሄ ነገር ከዲን ነው ወይስ የጊዜው ፋሽን? ከዲን ከሆነስ ከየት እንጀምር?»

በአጭሩ መልሼ መገላገል እችል ነበር። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የኢማን መሠረቶችን እዚህ አልተነትንም። በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጽሐፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ማመን መሆኑን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አምስቱ የእስልምና ማዕዘኖችም እንደዚያው። እኔ ደግሞ ዓሊም (የዲን ሊቅ) አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በውሃ ሥራ ነው፤ ቧንቧ፣ ጉድጓድ፣ ፍሳሽ። እንግዲህ ከማውቀው ልነሳ።

ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ አንድ መስጂድ የውዱእ ቦታውን፣ ከሶላት በፊት መታጠቢያውን፣ ሊያሳድስ ፈለገ። ንድፉን በነፃ እንድሠራ ተጠየቅኩ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አሮጌው ቦታ ለዓይን አያምርም ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፣ ቧንቧዎቹ ይንጠባጠባሉ። ግን አንድ ነገር ነበረው። ሰው እግሩን የታጠበበት ውሃ በጠባብ ቦይ እየተመራ፣ በአጥሩ ሥር ወደተደረደሩት ዛፎች ይሄዳል። ቦዩን በእጃቸው የቆፈሩት የመስጂዱ ኻዲም (አገልጋይ) ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ። የዛፎቹ ጥላ ከአጥሩ ውጪም ይወርዳል። መንገደኛው እዚያ ያርፋል። ሙስሊም ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሽማግሌው ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ መስጂዱ የሚወስደውን መንገድ እያጎነበሱ ያስሱታል። የጠርሙስ ስባሪ፣ ሚስማር፣ እንቅፋት የሚሆን ድንጋይ ይለቅማሉ። እኔ ያኔ በልቤ «ሥራ የፈቱ ሽማግሌ» ነበር የምላቸው።

ኮሚቴው አዲሱ ግንባታ እስከ አጥሩ ድረስ እንዲሰፋ ፈለገ። ያ ማለት ዛፎቹ ይቆረጣሉ ማለት ነው። ሁለት ንድፍ ይዤ ቀረብኩ፤ አንደኛው ዛፎቹን የሚያተርፍ ነው። ስለ ፍሳሽ መጠን አወራሁ። አፈር ውሃ እንዴት እንደሚመጥ አስረዳሁ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አንዱ «ኢንጂነር፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ለዒባዳ ነው። ዛፍ ማየት ያማረው መናፈሻ ይሂድ» አለ። ቤቱ ሳቀ። ሌላው ደግሞ የመስጂድ ገንዘብ አማና (አደራ) ነው፣ ለዛፍ ተብሎ ወጪ አይጨመርም አለ። አማና ነው ማለቱ ልክ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እጅ አወጡ፤ የእኔ ንድፍ ወደቀ።

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ስንወጣ ተከተሉኝ።

«ልጄ፣ የኢማን ቅርንጫፎችን ሐዲስ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እስቲ በለው።»

ኢማን ሰባ ከምናምን ቅርንጫፍ አለው፣ በላጩ «ላ ኢላሃ ኢልለላህ» ማለት ነው ብዬ አቆምኩ። «ጨርሰው እንጂ» አሉኝ። ዝቅተኛው ጎጂ ነገርን ከመንገድ ላይ ማስወገድ ነው፤ ሐያእም (ሐፍረትም) የኢማን ቅርንጫፍ ነው።

«አየህ» አሉኝ፣ «ላይኛውን ሁሉም ይወደዋል። ታችኛው ግን ወገብ ያስጎነብሳል።» ከዚያ ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ዛፎቹ ተቆረጡ። አዲሱ ቦታ አማረ፤ ነጭ ሴራሚክ፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የፍሳሽ መስመሩ ሞላ። ዛፎቹ ይጠጡት የነበረው ውሃ መሄጃ አጥቶ ጎረቤት ግቢ ገባ። ጎረቤቱ ሙስሊም አልነበሩም። መጥተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ውሃችሁ ቤቴ ገብቷል» አሉ። ከስድብ የባሰ ጨዋነታቸው ነበር ያሳፈረን። መልአኩ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከመምከሩ የተነሳ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሐዲሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ያን ቀን ግን እግራችን ጭቃ ውስጥ ነበር።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ጎርፉ አይደለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። ከኮሚቴው አባላት ብዙዎቹ አሊፍ ባ ታ ብለው ቁርኣን የጀመሩት በእኒያው ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ኖሯል! አንድ ሰው «ኡስታዛችን ምን ይላሉ?» ቢል ኖሮ፣ ያ መናፈሻ ሂድ ያለው ሰውዬ ራሱ አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ስለ ሊትርና ስለ ቱቦ ስፋት ስተነትን፣ እሳቸው አንድ ሐዲስ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። የጠየቃቸው የለም። አላህ ይዘንላቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም።

እና ልጄ፣ «መጀመሪያ ዐቂዳ» የሚሉህ አልተሳሳቱም። ችግሩ ዐቂዳን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈው መሬቱንና ሰውን ውጪ መተዋቸው ነው። ተውሂድ (የአላህ አንድነት) ማለት እኮ መሬቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ባለቤት አለው። አላህ በሱረቱል በቀራ 30ኛ አንቀጽ በምድር ላይ ኸሊፋ (ምትክ) እንደሚያደርግ ለመላእክቱ ይነግራቸዋል፤ በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ ደግሞ በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ ወፎች እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ይህን አምኖ ጅረት ውስጥ የባትሪ ድንጋይ የሚጥል ሰው ምን ብሎ እንዳመነ አይገባኝም።

በመጨረሻው ቀን ማመንንም ተመልከት። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በዚያ ቀን መብት ሁሉ ለባለመብቱ ይመለሳል፤ ቀንድ ለሌላት በግ እንኳ ከቀንዳሟ ይፈረድላታል። እኔ ይህን ስሰማ በጎቹ ሳይሆኑ ያሰጉኝ እኛ ነን። ድመት አስራ፣ ሳታበላ፣ ለቃም ራሷ እንድትፈልግ ሳታደርግ የገደለች ሴት በዚያው ምክንያት ተቀጣች። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ የቀዳ ሰው ምሕረት አገኘ። እነዚህን ታሪኮች ለሕፃናት የሚነገሩ ይመስላችኋል። ለትልልቆች ናቸው።

ቀደርስ? «ዝናቡ የቀረው በአላህ ውሳኔ ነው፣ እኛ ምን እናደርጋለን» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል፤ አንዳንዱ እንዲያውም የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ወረርሽኝ ሻም (የዛሬዋ ሶሪያና አካባቢዋ) ውስጥ ሲነሳ ኸሊፋው ዑመር ከመንገድ ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ሲባሉ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው አሉ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በአንዳችሁ እጅ ችግኝ እያለ ቂያማ (የመጨረሻው ቀን) ቢቆም እንኳ መትከል ከቻለ ይትከላት ብለዋል። ፍሬውን የሚበላ በማይኖርበት ቀን! ኋላ «ምን ዋጋ አለው» እያልክ ስትተክዝ ይቺን አስታውሳት።

ውዱእ ላይ ስደርስ ሙያዬ ይነሳብኛል፤ ታገሱኝ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ (ሁለት እጅ ሙሉ በሚሆን መስፈሪያ) ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ብዙዎች ሲያሰሉት ሊትር አይሞላም። ዛሬ በደቂቃ 6 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ ለሁለት ደቂቃ ከፍተን ብንታጠብ 12 ሊትር ሄደ። 500 ሰው ቢሰግድ 6,000 ሊትር ማለት ነው፤ ለአንድ ወቅት ሶላት። አንዴ ለልጆቼ ላሳይ ብዬ በትንሽ ዕቃ ለካሁና ጀመርኩ። ክርኔ ላይ ስደርስ ውሃው አለቀ። ሳቁብኝ፤ እንደገና ቀድቼ ጨረስኩ። ልምምድ ይፈልጋል ለማለት ነው።

ዘካንም እንደ ውሃ ሰው ነው የማየው። በዝናብ የበቀለ ሰብል አንድ ዐሥረኛ፣ ገበሬው ደክሞ ያጠጣው ግማሹን፣ ማለትም 5 በመቶ። ሸሪዓው የውሃውን ምንጭና የሰውየውን ላብ ቆጥሯል። ከዚህ በላይ ሰውንና ተፈጥሮን አስተሳስሮ የሚያይ ሕግ ከወዴት ይመጣል?

ሰውን ረስቶ ዛፍ ብቻ ማቀፍም አለ። እሱም አይጥመኝም። ዑመር ከብት እንደልብ እንዳይገባበት የተከለለ የግጦሽ መሬት፣ ሂማ የሚባለውን፣ ሁነይ ለተባለ ሰው አደራ ሲሰጡት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባ፣ የአብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑሥማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ተጠንቀቅ አሉት። እነዚያ ሀብታሞች ከብታቸው ቢያልቅ የእርሻና የተምር ቦታ አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ይመጣብኛል፣ ሣርና ውሃ ከምሰጥ ወርቅና ብር ልስጥ ወይ ዓይነት ነው ምክንያታቸው። መሬቱ ተጠብቋል፤ የተጠበቀው ግን ለደካማው ነው። ጥበቃ ብለው ድሃውን ብቻ የሚያባርሩ ፕሮጀክቶች በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም።

ደግሞም ከመካ መከራ ሸሽቶ ወደ ሐበሻ የመጣውን ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን አስቡት። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ በንጉሥ ነጃሺ ፊት ቆሞ እስልምናን ማስረዳት ነበረበት። ጣዖት ማምለካቸውን በተናገረበት አፍ ጎረቤት ማስቸገራቸውን፣ ዝምድና መቁረጣቸውን፣ ብርቱው ደካማውን መብላቱን ተናገረ። አላህን ብቻ ማምለክን ሲጠቅስ አማና መመለስን፣ ለጎረቤት በጎ መሆንን፣ የቲምን (ወላጅ አልባን) አለመበደልን አብሮ ጠቀሰ። በሕይወትና በሞት መካከል የቆመ ሰው የማያስፈልገውን አያወራም። ለእሱ ሁሉም አንድ ወሬ ነበር።

አሁን ስለናንተ ትንሽ ልናገር፤ ቅር አይበላችሁ። የዛሬ ልጆች በስልክ ላይ ስለ ዐቂዳ ስትከራከሩ ሌሊት ታነጋላችሁ፤ ጠዋት የደጃፋችሁን ፕላስቲክ ተራምዳችሁት ትሄዳላችሁ። ሰደቃ ስትሰጡ የተቀባዩን ፊት ትቀርጻላችሁ። ሰውየው ሐያእ የለውም እንዴ? ችግኝ ተክላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ በሳምንቱ ውሃ የሚያጠጣት የለም። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም በናንተ ዕድሜ አንሻልም ነበር። እንዲያውም ይህን ጥያቄ በኛ ጊዜ የጠየቀ ወጣት አላስታውስም። ቪዲዮም ቢሆን ሁሉም ክፉ አይደለም፤ ጉድጓድ ሲጸዳ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ገንዘብ ልኬ አውቃለሁ።

«ከየት እንጀምር» ላልከው፣ ሂድና የመስጂዳችሁ የውዱእ ውሃ የት እንደሚወርድ ተመልከት። ሳሙና ብዙም ስለማይነካው ለዛፍ ተስማሚ ነው። በገንዳ አታጠራቅመው፤ ይሸታል፣ ትንኝም ይራባበታል። በቀጥታ ወደ ዛፉ ሥር፣ ከአፈር ትንሽ ዝቅ ባለ ቦይ ምራውና በደረቅ ቅጠል ሸፍነው። ጥሬ ለሚበላ አትክልት አትጠቀመው። ቁልቁለቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሆን ከመቆፈርህ በፊት በባልዲ ውሃ ሞክር። ኮሚቴ ጋ ከመግባትህ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ትልልቅ ሰዎች አማክር፤ ማን የማን አስተማሪ እንደነበር አታውቅም። ንድፉን ስታዘጋጅ ላክልኝ፣ በነፃ አይልሃለሁ።