መልስ፦ ክራር ከሱዳንና ከግብፅ ሙዚቃ ጋር ይገጥማል ወይ?

ወንድሜ፣ የሱዳንና የግብፅ ሙዚቀኞችን ጋብዘህ ከክራር ጋር ኮንሰርት ለማዘጋጀት ስላሰብክ ነው የጠየቅኸኝ። ከሱዳኖች ጋር ለመሥራት ስለ ቅኝት ብዙም አትጨነቅ። የሰሜን ሱዳኑ ታንቡር የክራር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዜማውም እንደኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል። ቋንቋውን ሳንሰማ ትከሻችን የሚነቃነቀው ለዚህ እኮ ነው!

ፈተናው ከግብፆቹ ጋር ነው። ብዙው መቃማቸው (እንደኛ ቅኝት ያለ የዜማ ስልታቸው) ሩብ ድምፅ፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅም ያነሰ ርቀት፣ አለው፤ በትዝታ በተቃኘ ክራር ላይ ያ ድምፅ የለም። ማሲንቆ ግን ጣትህን ትንሽ ስታንሸራትት ይደርስበታል፤ እኔ ብሆን ከእሱ እጀምራለሁ።

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት መክሊት ሀደሮና ግብፃዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ሚና ጊርጊስ በ2011 እ.ኤ.አ. የመሠረቱትን የናይል ፕሮጀክት ተመልከት። በ2013 እ.ኤ.አ. የናይልን ተፋሰስ አገሮች ሙዚቀኞች ግብፅ ውስጥ አስዋን ላይ ሰብስበው አብረው አዲስ ሥራ እንዲፈጥሩ አደረጉ። አንተም ያለህን ገንዘብ መጀመሪያ ለልምምድ ቀናት አውለው፤ ኮንሰርቱ ይደርሳል። እባክህ፣ እንግዶቹን አጃቢ ብቻ አታድርጋቸው።