ሰርቨራችን አርጅቷል፤ እንዴት እንቀይረው?

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት የሂሳብ ቢሮ አለኝ። ፋይሎቻችንም ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራማችን ዳታም ያሉት ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 በተጫነበት አንድ ማሽን ላይ ነው፤ የሠራተኞቹን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠውም እሱ ነው። አንድ ባለሙያ «በአንድ ቅዳሜ ዊንዶውስ ሰርቨር 2025ን እላዩ ላይ ጭኜ አስረክብዎታለሁ» አለኝ። ልስማማ?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይስማሙ፣ ወይዘሮ ሰ.። መቀየሩ ግን ግድ ነው። ማይክሮሶፍት ለ2012 አር2 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማስተካከያ) መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። የደንበኞችዎ የደመወዝና የግብር ሰነድ ያለበት ማሽን በዚህ ሁኔታ መቆየት የለበትም።

የእርስዎ ሰርቨር ዶሜን ኮንትሮለር ነው፤ ማለትም ዶሜን የሚባለውን የቢሮውን የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች መዝገብ የሚያስተዳድር ነው። 2025 በዚህ ሥራ ላይ ለመሰማራት የዶሜኑ ደረጃ ቢያንስ የሰርቨር 2016 እትም ደረጃ እንዲሆን ይጠይቃል፤ 2012 አር2 ብቻ ያለበት ቢሮ ደግሞ እዚያ ደረጃ ላይ አይደርስም። የ2022ቱ እትም ግን ከአሮጌው ጎን ቆሞ ሥራውን መረከብ ይችላል፤ ድጋፉም በእኛ አቆጣጠር እስከ ጥቅምት 2024 ዓ.ም. ይዘልቃል። ስለዚህ 2022 በሌላ ማሽን ላይ ይጫን። የዶሜኑ አምስት ዋና ኃላፊነቶች ወደ እሱ ይዛወሩ፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችም ዲኤንኤስ (የኮምፒውተሮችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) የሚጠይቁት አዲሱን ይሁን። እላዩ ላይ ሲጫን መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ መመለሻ የለዎትም፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አሮጌው እንደነበረ አለ።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን ስለ ባክአፑ፣ ማለትም ስለ ዳታው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። የባክአፑ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ አይመኑት። ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት የፒችትሪውን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስመልሱ፤ የአንድ ደንበኛዎን ካምፓኒ (የሂሳብ መዝገብ) ይክፈቱ፤ ያለፈውን ወር ትራያል ባላንስ (የሂሳቦች ሁሉ ቀሪ ዝርዝር) ከሰርቨሩም ከተመለሰው ባክአፕም አትመው መስመር በመስመር ያስተያዩ። የአንድ ሳንቲም ልዩነት ካለ ዝውውሩ አይጀመር። ባለሙያዎ «ጊዜ ይወስዳል» ቢልዎት ይውሰድ! ፎልደሩን መገልበጥ ብቻም አይበቃም፤ ፒችትሪ የሚሠራበት ፐርቫሲቭ የተባለው ዳታቤዝ አዲሱ ሰርቨር ላይ መጫን አለበት፣ ዳታው ሲገለበጥም ሁሉም ሠራተኛ ከፒችትሪ መውጣት አለበት። የፒችትሪው እትም አሮጌ ከሆነ በ2022 ላይ መሥራቱን አስቀድመው ያስሞክሩ።

ስካን አድርጎ ወደ ሰርቨሩ ፎልደር የሚልክ አሮጌ ኮፒ ማሽን ካለዎት በማግስቱ መላክ ሊያቆም ይችላል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ኤስኤምቢ 1 የተባለውን ያረጀ የፋይል መለዋወጫ ሥርዓት ሲሆን 2022 ሲጫን አብሮ አይጫንም። ባለሙያው «እንክፈተው» ቢልዎት እምቢ ይበሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በዚሁ በር ነው። ማሽኑ ስካኑን በኢሜይል ወይም በፍላሽ ይስጥ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሰኔ መዝጊያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው የዓመታዊ ግብር ጊዜ አይነካካ፤ ኅዳር ይሻላል። ፕሮፎርማ ሲቀበሉም የዘጠኙ ሠራተኞች የተጠቃሚ ፈቃድ መካተቱን ይዩ፤ ለ2012 የተገዛው ፈቃድ ለ2022 አያገለግልም።